የጆላፓራ ፈትል

ካልካታ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1905 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለወንድሜ ለኑሩል አብሳር፣ ሻንቲሃት፤

አንተና ባለቤትህ ሳሌሃ በደህና መክረማችሁን ከደብዳቤህ ስለተረዳሁ ደስ ብሎኛል። እኛም ደህና ነን። ትናንት ጦማችንን ስለዋልን ዛሬ ሩዙ ላይ ትንሽ ከመበርታችን በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

«የላክህልኝን ቢጫ ክር ምን ላድርገው?» ላልከኝ፣ በቀኝ እጅህ አንጓ ላይ እሰረው። ትናንት የእንግሊዝ መንግሥት ቤንጋልን በካርታ ላይ ለሁለት ከፍሎ አንተን በምሥራቁ፣ እኔን በምዕራቡ አስቀረን። ሕዝቡም አንድ መሆኑን ለማሳየት ሂንዱው ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ለሂንዱው ክር ሲያስር ዋለ። በየቤቱ እሳት እንዳይለኮስም ተወሰነ። ባለቤቴ ሄማንጊኒ ምድጃዋን ስታጠፋ፣ «ማን ነው ይህን ያዘዘው?» አለችኝ። የብሔራዊ ጉባኤያችን አባላት ናቸው አልኳት። «እነሱማ ሌሊቱን በልተው አድረው ይሆናል» ብላ ፍሙ ላይ ውኃ ረጨችበት።

የጥንቱን ክርክራችንንም አንስተሃል። የምሥራቁ ክፍል ለብቻው ቢቆም ለእናንተ ለሙስሊሞቹ ትምህርት ቤትና ሥራ ያመጣ ይሆናል ብለህ ማሰብህ ከሃዲ ያሰኝህ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አያሰኝህም። ዳካ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንማር ጀምሮ የምታስበውን የምትናገር ሰው ነህ። እኔ ግን እንደምታውቀው አገርን የማየው በጠበቃ ዓይን ነው። የእንግሊዝን ሕግ ለእንግሊዝ እያነበብንለት፣ አቤቱታ እየጻፍን፣ እየፈረምን፣ ቀስ በቀስ አገራችንን ከእጁ እንቀበላለን ብዬ አምናለሁ። ለንጉሡ እንደራሴ አዲስ ማመልከቻ አርቅቄ ጨርሻለሁ።

ልጄ ኒሺ በዚህ ይስቅብኛል። ለእሱ አገር እናት ናት፤ የምትመለክና የሚሞትላት እናት። «አባባ፣ እናትህን ሌባ ቢይዛት ማመልከቻ ትጽፋለህ?» አለኝ ባለፈው ሳምንት። «አስቀድሜ የሌባውን ስም እጠይቃለሁ፤ ያለ ስም ክስ አይቆምም» አልኩት። እናቱ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ይህን ልጅ ወደ አንተ ልኬዋለሁ። የእንግሊዝን ጨርቅ አንገዛም ብለው ከማሉት ወጣቶች አንዱ ነው፤ በሻንቲሃት የአገር ጨርቅ መሸጫ ሊከፍት አስቧል። አንተ የከተማው ሸንጎ ሰብሳቢ ስለሆንክ ይሰሙሃል፤ የጆላፓራ ሰፈር ሙስሊም ሸማኔዎችህም ገበያ ያገኛሉ። እቤትህ ይደር። ችኮላውን በአንተ ዝግታ በርዘው።

ወንድምህ፣
ትሪሎቾን ሴን

ሻንቲሃት፣ ጥር 9 ቀን 1906

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለትሪሎቾን ዳዳ፣ ካልካታ፤

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታህን እለምናለሁ። ስለ ኒሺ ጤና አትስጋ። ወፍሯል። ስለ ጠባዩ የጠየቅኸኝን ግን በአንድ ቃል ልመልስልህ አልችልም።

ሲነጋ ተነሥቶ ወንዙ ዳር ይቆማል፤ አፈር ዘግኖ ግንባሩን ያስነካል። እንደ አክስትና አጎቱ ቆጥሮን ሳሌሃን «ቻቺ»፣ እኔን «ቻቻ» ይለናል፤ የሳሌሃን እግር ነክቶ ይሳለማል። ሩዙን ግን ግቢው ጥግ በራሱ ድስት ያበስላል፤ ውኃውንም ከሂንዱዎቹ ጉድጓድ ራሱ ይቀዳል። ከሙስሊም እጅ እንዳይበላና እንዳይጠጣ ተነግሮት ያደገ ልጅ መሆኑን ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ሳሌሃም አልተቀየመችም፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው አያርፍም። እንስራዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ «ና እስቲ የአገር ልጅ፤ አፈሩን ትስማለህ፣ በዚያው አፈር የተሠራውን እንስራዬን ግን ትሸሻለህ። እናቴ የምትላት አገር ከየት እስከ የት ናት?» አለችው። ጆሮው ድረስ ቀላ። «ቻቺ፣ ጊዜ ስጪኝ» አላት። እንስራው ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ ነው። አላነሣችውም።

ከዚህ የሚከብደኝ የፈትሉ ጉዳይ ነው። በዚህ አገር ቀጭን ፈትል የሚፈትል እጅ ከአያቶቻችን ጋር አልቋል። ጆላፓራ የሚሸምነው ከባሕር ማዶ በሚመጣ ፈትል ነው። ኒሺ ይህን ያወቀው ጨርቁን አድንቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሽማግሌውን ቶራብን፣ «ታዲያ ይህ የእንግሊዝ ጨርቅ ነዋ» አለው። ቶራብ መወርወሪያውን ሳያቆም፣ «ጌታዬ፣ ክሩ መርከብ ላይ እንግሊዝ ሊሆን ይችላል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን የሚያየው የእኔን ጣት ነው፤ ወዲያው ቤንጋሊኛ ይለምዳል» አለው። ሸማኔዎቹ ሁሉ ሳቁ። ልጅህ እየሳቁ ያሉት በእናቱ ላይ መሰለው።

አሁን ከከተማው ወጣቶች ጋር እየተሰበሰበ «የባዕድ ፈትል በጆላፓራ አይደር» የሚል ነገር ጀምሯል። እባክህ ጻፍለት። የእኔን ቃል በአክብሮት ይሰማል፤ ሰምቶም ይተወዋል። የአንተን ቃል ግን ቢያንስ ይከራከረዋል።

ክሩ አሁንም እጄ ላይ ነው። ቀለሙ ለቋል።

ኑሩል አብሳር

ካልካታ፣ መጋቢት 30 ቀን 1906

ወንድሜ ኑሩል፤

«ጽፈህለታል ወይ?» ብለህ ደጋግመህ ጠይቀኸኛል። ጽፌለታለሁ። የጉባኤው ውሳኔዎች ረቂቅ እጄ ላይ ስለነበር ዘግይቻለሁ፤ ግን ጽፌለታለሁ። ሸማኔውን እያስራብን አገር ልናቆም እንደማንችል፣ የአገር ፈትል እስኪበዛ ድረስ የባዕዱን መታገሥ እንደሚያስፈልግ በሰፊው አስረድቼዋለሁ።

መልሱ አጭር ነው። «አባባ፣ ሁልጊዜ ‹እስኪ› ትላለህ» የሚል ብቻ ነው።

ወጣትነት ነው። ዝናቡ ሲገባ ይበርዳል። ለሳሌሃ አክብሮቴን ንገራት። እንስራዋን ግን ታንሣው፤ ሰው ያደናቅፋል።

ትሪሎቾን

ሻንቲሃት፣ ግንቦት 21 ቀን 1906

ይድረስ ለክቡር ትሪሎቾን ሴን፤

እንደምን አሉ? ባለቤትዎ ወይዘሮ ሄማንጊኒስ እንደምን ናቸው? ማንጎው ዘንድሮ ቀድሞ በስሏል። ሙቀቱ ከብዷል።

ይህን ያህል ከጻፍኩ በኋላ ብዕሬን አስቀምጬ ሄጄ ነበር። አሁን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በቴሌግራም የጠየቁኝ እውነት ነው። ልጅዎ ታስሯል። በሕይወት አለ፤ እጆቹ ግን ቆስለዋል። የፈትሉ መጋዘን ተቃጥሏል። እስከ በዓል የሚሸመነው የጆላፓራ ፈትል በሙሉ እዚያ ነበር። ቶራብም እዚያ ነበር።

ልጅዎና ጓደኞቹ እሳቱን የለኮሱት በዓርብ ስግደት ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት የመረጡት ሰው እንዳይጎዳ ነው። በዚያ ሰዓት ጆላፓራ መስጊድ ውስጥ እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የእኛን ጸሎት ያህል የሚያውቁት ነገር የለም። ቶራብ ግን እግሩ አብጦበት መስጊድ አልሄደም። መጋዘኑ ስለሚቀዘቅዝ ከፈትሉ መካከል ተኝቶ ነበር። መጋዘኑም ፈትሉ እንዳይሰረቅ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ በቶራብ ወንድም ኪስ ውስጥ፣ መስጊድ ነበር።

ቤቴ ለመጋዘኑ ቅርብ እንደሆነ ያውቃሉ። ወደ መስጊድ ዘግይቼ ልወጣ ስል ጢሱን አይቼ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቹ ሸሽተዋል። ልጅዎ አልሸሸም። የጋለውን መቀርቀሪያ በባዶ እጁ ይዞ ይጎትት ነበር። «ሰው አለ፤ ቻቻ፣ ሰው አለ» ይለኝ ነበር። ሌላው ሰው ሲደርስ ጣራው ወድቆ ነበር፤ እሱም መሬት ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ ያዩት ይህን ብቻ ነው።

ሕዝቡ ስንሰግድ አቃጠሉን ይላል። ተሳስታችኋል ልላቸው አልችልም። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ሰይድ ኑሩል አብሳር

ካልካታ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1906

ወንድሜ ኑሩል፤

«እርስዎ» ብለህ ጽፈህልኛል። ይገባኛል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ አንተን የምጠራበት ሌላ አፍ የለኝም፤ ታገሠኝ።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ ጠይቀሃል። የምለምንህን ነገር ሳልጽፍ ለመቅረት ስታገል ነው። አልሆነልኝም።

ሁከት ይነሣል ተብሎ ክሱ ወደ ካልካታ ተዛውሯል። ዐቃቤ ሕጉ የሚለው ልጁ ቶራብ ውስጥ መኖሩን እያወቀ አቃጥሏል ነው። ይህ ከተረጋገጠ ፍርዱ ስቅላት ነው። ሰው ለማውጣት እንደታገለ ከተረጋገጠ ግን እስራት ነው፤ ረዥም እስራት፣ ቢሆንም በሕይወት። የከተማችንን ታላላቅ ጠበቆች ይዤለታለሁ። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነው፤ ያየ ሰው ያስፈልጋል። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።

ና ልልህ መብት የለኝም። ብትመጣ በሻንቲሃት የሚጠብቅህን አውቃለሁ። ባትመጣ አንተን የምወቅስበት አንዲት ቃል ከቤቴ አትወጣም። ሄማንጊኒ ግን ይህን እንድጨምርልህ አዝዛኛለች፤ «ልጄን ሳሌሃ ዘንድ የላክሁት እናት አለችው ብዬ ነው።»

ትሪሎቾን

ሻንቲሃት፣ መስከረም 3 ቀን 1906

ዳዳ፤

የእኔን ውሳኔ ከመንገርህ በፊት የሌሎቹን ቃል ስማ፤ እንዲህ ካላደረግሁ ነገሩ ቀላል ይመስልሃል።

የጆላፓራ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። «አላየህም አላልንም። ዓይንህ የራስህ ነው። ምላስህ ግን የከተማው ነው፤ ሰብሳቢያችን ነህ» አሉኝ። ከዳካ የመጣ አንድ ባለርስትም አብሯቸው ነበር። በዚህ ዓመት መጨረሻ የሙስሊሞች የራሳቸው ማኅበር ሊቋቋም ነው፤ ስሜ ከመሥራቾቹ መካከል አለ። ሻዩን እያማሰለ፣ «የእነሱ ልጅ የእኛን ሰው አቃጥሎ፣ የእኛ ሰው ሊያድነው ካልካታ ቢወርድ፣ እኛ ለምን ማኅበር አስፈለገን? ዝም ብለን ክር እንሰር እንጂ» አለኝ። ሁሉም እጄን አዩ። እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ። ለምን እንደሳብኩ እስካሁን አላውቅም።

ከእነሱ በኋላ ወደ ሞይና፣ ወደ ቶራብ ሚስት ሄድኩ። ሸምበቆ ትሰነጥቅ ነበር፤ አሁን የምትኖረው ቅርጫት እየሠራች ነው። ያየሁትንና ልመሰክር እንደተጠራሁ ነገርኳት። የያዘችውን ሸምበቆ እስከ ጫፉ ሰነጠቀች። ከዚያ፣ «ልጁ ይሙት አልልም። የእሱ መሞት ለእኔ ሩዝ አይሆነኝም» አለችኝ። «ግን እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ባልሽ የሞተው ለአገር በተለኮሰ እሳት ነው ይሉኛል። ይህ አገር የሚሉት ሰው ቤቱ የት ነው? ሄጄ ባሌን ልጠይቀው ነበር።»

አገር ለምንለው የየራሳችንን መልስ በልቤ ቆጠርኩ። አንተ ሕግ ነው ትላለህ፤ ልጅህ እናት ናት ይላል፤ የዳካው ሰው ደግሞ የእምነት ወንድም ነው ይላል። እኔ አገር ይህ ወንዝ፣ ይህ ቋንቋና በሁለቱም ዳር ያሉት ሰዎች ናቸው እል ነበር። ሞይና ሸምበቆዋን ይዛ ስታየኝ ሁሉም ቤት የሌለው ሰው ሆነብኝ።

እመጣለሁ። ያየሁትን እናገራለሁ። ስለ አንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ስላየሁት ነው።

ኑሩል

ካልካታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1906

ወንድሜ፤

ካልካታ በነበርክ ጊዜ ከቤቴ ይልቅ በመስጊዱ ማደሪያ ለምን እንዳደርክ ገብቶኛል። እኔም አልጠየቅሁህም። ከሄድክ በኋላ ምን እንደተፈጸመ ለጠየቅኸኝ ግን ለመመለስ የዘገየሁት ጋዜጣው ይቀድመኛል ብዬ ነው። ፈሪ ሆኛለሁ። ጋዜጣው ሻንቲሃት አልደረሰም ማለት ነው።

ምስክርነትህን ዳኛው በጥሞና ሰምተዋል። ጠበቆቹ በደስታ እጄን ጨብጠው ነበር። በማግሥቱ ዳኛው ራሱን ኒሺን ጠየቁት፤ «በሩን ለመክፈት ሞክረሃል?» አሉት። ተነሥቶ ይህን ፍርድ ቤት እንደማያውቀው፣ ከእንግሊዝ ዳኛም ሕይወቱን እንደማይለምን ተናገረ። «ታዲያ እጆችህን ምን አቃጠላቸው?» አሉት። «ስለኩስ ነው» አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ አልተመለከተም። ዐቃቤ ሕጉ ምስክሩ የቤተሰብ ወዳጅ ነው፣ ተከሳሹ ራሱ አስተባብሎታል ብሎ ተቀመጠ። ውሸታም አስባሉህ፤ ልጄ ውሸታም አስባለህ። ፍርዱ ስቅላት ነው።

የቀረው የምሕረት ማመልከቻ ነበር። ራሴ ጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። የጎደለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር። እስር ቤት ይዤለት ገባሁ። ጠባሳ የሞላበት እጁን ፍርግርጉ ላይ አሳርፎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ጽሑፉ ያምራል፣ አባባ» አለኝ።

«ፈርም።»

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ የፈረምከው ለሁለታችንም ይበቃል።»

«እናትህስ?» አልኩት።

«የትኛዋ?» አለኝ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሆነ። «እማማን ይቅርታ በልልኝ» አለ።

ስለ ቶራብ አንዳች አልተናገረም፤ እንዳትጠይቀኝ በሚል ዓይን ያየኝ ነበር። ልወጣ ስል ሁለት ነገር አለኝ። ሲሞት የሚሸፈንበት ጨርቅ በአገር እጅ ተፈትሎ የተሸመነ፣ ከተገኘም ከጆላፓራ የሆነ እንዲሆን ይፈልጋል። ደግሞ፣ «የቻቺ እንስራ አሁንም በሩ ላይ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ጨርቁን ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። መጠየቁም እንደሚከብደኝ ታውቃለህ።

ትሪሎቾን

ሻንቲሃት፣ ጥር 25 ቀን 1907

ዳዳ፤

እንስራው በሩ ላይ ነው። ሳሌሃ በየማለዳው ውኃውን ትቀይራለች። ይህን ንገረው፤ ሌላውን ሁሉ ተወው።

ስለ እኔ የጠየቅኸውን በአጭሩ ልመልስ። የከተማው ሸንጎ ሌላ ሰብሳቢ መርጧል። የዳካው ማኅበር ተቋቁሟል፤ ስሜ የለበትም። መስጊድ ስገባ ሰላምታዬን ይመልሱልኛል፤ ሃይማኖት ስለሚያስገድዳቸው። በወዲያኛው ሰፈር ደግሞ የሂንዱ ወጣቶች ስለ ልጅህ፣ «ጀግንነቱን በምስክርነትህ አሳነስክበት» ብለው መንገድ ይለውጡብኛል። እስኪ ሳቅ።

ጨርቁን በዚህ መልእክተኛ እጅ ልኬያለሁ። ነጭ ነው፤ ይበቃዋል። ጫፉን አይጥ ስለበላው ቆርጬዋለሁ፤ ለዚያ ይቅርታ አድርግልኝ።

ኑሩል

ካልካታ፣ የካቲት 27 ቀን 1907

ወንድሜ ኑሩል፤

ስለ አሟሟቱ ጠይቀኸኛል። ቀጥ ብሎ ሄደ አሉኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም፤ አንተም አትጠይቀኝ። የእንስራውን ነገር አድርሼለታለሁ። ራሱን ነቀነቀ።

አስከሬኑን ሰጡን። በጸጥታ እንድንወስደው አስፈርመውኝ ነበር፤ የመጨረሻው ፊርማዬ ይህ ነው። ወንዙ ዳር ስንደርስ ግን ከተማው ሁሉ እዚያ ነበር። እኔና ሄማንጊኒ ጨርቅህን አለበስነው።

ኑሩል፣ መቀስና የአይጥ ጥርስ እንደሚለያዩ የማያውቅ ሰው አይደለሁም። ጆላፓራ ውስጥ አንድም የሚሠራ መሸመኛ እንደሌለ፣ ሸማኔዎቹ ወደ ጁት ቃጫ ፋብሪካዎቹ እንደተበተኑ መልእክተኛህ ነግሮኛል። ከመጋዘኑ እሳት በኋላ ከየት ይመጣል? የቆረጥከው የባሕር ማዶውን ፋብሪካ ማኅተም ነው። ሄማንጊኒም ገና ስትዳስሰው አወቀች። ተያየን። ሌላ ጨርቅ አልነበረንም፤ ቢኖረንም አንተ ከላክኸው የተሻለ አልነበረንም። በእሱ ሸፈንነው።

አስከሬኑን ወደሚቃጠልበት እንጨት ከማውጣታችን በፊት ወጣቶቹ ጥሰው ገቡ። ጨርቁን ይስሙት ጀመር። «የአገር እጅ የፈተለው» እያሉ ከጫፉ ቀደዱ፤ እየተሻሙ በግንባራቸው አሰሩት። አንዱ ለእኔም ቁራጭ ሰጠኝ፤ «አባታችን፣ ይህን ይዘው ለልጅ ልጅ ያስተላልፉ» አለኝ። ተቀበልኩት። ሌሎቹን ቁራጮች ዛሬ በየቤቱ በአማልክት ምስል ፊት አስቀምጠዋቸዋል ይላሉ። ነገ ደግሞ በእነሱ ምለው ሌላ መጋዘን ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ልጄን አየሁትና ዘጋሁት።

ሥራ ጀምረሃል ወይ ብለሃል። ጠረጴዛዬ ላይ የጉባኤው አዲስ ረቂቅ አለ፤ አላነበብኩትም።

የቤታችንንም ነገር ጠይቀሃል። የሐዘኑ ቀናት አልፈዋል፤ ሄማንጊኒ ግን ምድጃዋን አልለኮሰችም። የምንበላውን ጎረቤት ያመጣልናል። ትናንት አመዱ ፊት ቁጭ ብላ አገኘኋትና ያንን የጥቅምቱን የጦም ቀን አስታውሼ፣ ምናልባት ትስቅ እንደሆነ ብዬ፣ «ማን ነው ይህን ያዘዘው?» አልኳት።

«ማንም» አለችኝ።

ትሪሎቾን